ከነፋስ ስልክ ሆኖ ተወርዋሪ ከዋክብትን ማድመጥ

ከስታዲየም ተነሥተው በቃሊቲው መሥመር ወደ ደቡብ የሚወርዱ ሰው መሿለኪያን፣ ሪቼን፣ ጠመንጃ ያዥንና ላንቻን ካለፉ በኋላ «ነፋስ ስልክ» የሚል ስም ሁለት ጊዜ ያነባሉ። በ2008 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው ቀላል ባቡር በዚህ ስም የሚጠሩ ሁለት ፌርማታዎች አሉት። ተሳፋሪው ግን በእጅ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ያልፋል እንጂ ስሙን ቆም ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። ነፋስ ስልክ ማለት አያቶቻችን ያለ ሽቦ በአየር የሚሄደውን የራዲዮ ቴሌግራፍ የጠሩበት ስም ነው። «ስልክ» የሚለው ቃል ከዐረብኛ ሲመጣ ትርጉሙ ሽቦ ነበርና፣ ሽቦ የሌለውን ስልክ ምን ይሉት ኖሯል? መልእክቱን የሚሸከመው ነፋስ ነው ብለው ነፋስ ስልክ አሉት። እኔ እስከ ዛሬ ከዚህ የተሻለ ትርጉም ያገኘ የቋንቋ ሰው አላየሁም።

ሠፈሩም ስሙን ያገኘው በዚሁ ምድር ላይ ከቆመው የራዲዮ ጣቢያ ነው። ከዚህ ወደ ደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ አቃቂ ላይ የተሠራው ትልቁ ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. ተመረቀና፣ ጦርነቱ በተቃረበበት ጊዜ የኢትዮጵያ ድምፅ ከዚያ ተነሥቶ ውቅያኖስ ተሻገረ። ድምፁ ባሕር ሊሻገር የቻለበትን ምክንያት ልብ ይበሉልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። አጭር ሞገድ ወደ ሰማይ ሲወጣ፣ ከፍ ብሎ በሚገኘው በኤሌክትሪክ የተሞላ የአየር ንጣፍ ላይ ተንጸባርቆ እንደ መስተዋት ብርሃን ወደ ምድር ይመለሳል።

ዛሬ ክፍለ ከተማው ነፋስ ስልክ ላፍቶ ይባላል። ጎፋና መካኒሳ፣ ላፍቶና ለቡ፣ ጀሞና ሃና ማርያም በዚህ ስም ሥር ተሰብስበዋል። ከጀሞ ዳር ቆሞ ወደ ደቡብ ለተመለከተ ሰው የፉሪ ተራራ ይታየዋል፤ ለቡ ላይ ደግሞ የጅቡቲው ባቡር ጣቢያ አለ። እኔ ልጅ ሳለሁ ባቄላ ይዘራበት የነበረው መሬት አሁን ኮንዶሚኒየም ነው፤ ሲመሽ መስኮቱ ሁሉ ይበራል፣ የመንገዱም መብራት ይጨመርበታል። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም፤ በጨለማ ከመሄድ በብርሃን መሄድ ይሻላል። ነገር ግን ብርሃኑ ዋጋ አስከፍሎናል። በአንድ የጠራ የታኅሣሥ ምሽት ከአራተኛ ፎቅ ጣሪያ ላይ ሆነው ቀና ቢሉ ከዋክብቱን በጣት ሊቆጥሩ ይችላሉ። በሰሜን፣ ከባሕር ጠለል 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በእንጦጦ ራስ ላይ ሁለት ባለ አንድ ሜትር መስተዋት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል፤ እነርሱም ቢሆኑ የከተማው ብርሃን ጎረቤት ሆኗቸዋል።

በዚሁ ክፍለ ከተማ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። በዓመቱ መጀመሪያ አንዲት የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «ቲቸር፣ በነሐሴ ተወርዋሪ ከዋክብት እንደ ዝናብ ይወርዳሉ የሚል አነበብሁ። እኛ በነሐሴ የምናየው ዝናቡን ብቻ ነው። ከዋክብቱ የት ሄደው ነው?» ክፍሉ ሳቀ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም። በዓመቱ ውስጥ ስመ ጥር የሆነው የፐርሲድ ተወርዋሪ ጐርፍ ከፍ የሚለው ነሐሴ 6 እና 7 ገደማ ነው። አውሮፓውያን በዚያን ጊዜ በበጋ ሌሊት ሣር ላይ ተጋድመው ይቆጥሩታል። እኛ በክረምቱ መካከል ነን፤ በፍልሰታ ጾም፣ በደመና ሥር፣ ጭቃ እየረገጥን። ስለ ሰማይ የተጻፉት መጻሕፍት የተጻፉት በጋቸው ነሐሴ ለሆነ ሕዝብ ነው፤ ክረምቱ ነሐሴ የሆነበት አገር ልጅ ምን ያድርግ?

መልሱ ከሠፈሩ ስም ውስጥ ተደብቆ ይገኛል።

ተወርዋሪ ኮከብ በእርግጥ ኮከብ አይደለም። አያቴ ኮከብ ሲወረወር ባየች ቁጥር «አንድ ሰው ሞተ» ትል ነበር፤ ሊቃውንቱ ግን ብዙውን ጊዜ ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጥ ትቢያ ነው ይላሉ። ጅራታም ኮከብ በፀሐይ ዙሪያ ሲሄድ ትቢያውን በመንገዱ ላይ ይበትናል። ምድራችን በዓመት አንድ ጊዜ ያንን መንገድ ስታቋርጥ ትቢያው በሴኮንድ ከ11 እስከ 72 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ወደ ከባቢ አየር ይገባል፤ ፐርሲዶቹ በሴኮንድ 59 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣሉ። ከምድር 80 እስከ 110 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሲደርስ ትቢያው ይተናል፤ ብርሃንም ይሰጣል። እኛ የምናየው ይህን ብርሃን ነው።

ከብርሃኑ ሌላ ግን ዐይን የማያየው ነገር አለ። ትቢያው ባለፈበት መንገድ ላይ ከአቶሞቹ ኤሌክትሮኖች ተገንጥለው ብዙ ኪሎ ሜትር የሚረዝም ቀጭን ክር ይሠራሉ። ከ30 እስከ 100 ሜጋኸርዝ ያለው የራዲዮ ሞገድ በወትሮው የላይኛውን አየር በስቶ ወደ ጠፈር ያመልጣል እንጂ እንደ አጭር ሞገድ አይመለስም። በዚህ ክር ላይ ቢያርፍ ግን ይንጸባረቃል። እንግዲህ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የራቀ፣ በምድር ክብነት የተጋረደ ማሰራጫ አለ እንበል። መቀበያዎን በእርሱ ሞገድ ላይ ቢያቆሙት ዝም ይላል። ትቢያ በመካከል ሲያልፍ ያ ዝምተኛ ጣቢያ ለአንድ ዐሥረኛ ሴኮንድ፣ አንዳንድ ጊዜም ለብዙ ሴኮንድ ብቅ ይልና ይጠፋል። የአቃቂን ድምፅ ባሕር ያሻገረው መስተዋት ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ይህኛው ትንሽና ወዲያው የሚሰበር መሆኑ ነው። ደመና አያግደውም፤ የከተማ መብራት አያደበዝዘውም፤ ፀሐይም ብትወጣ ግድ የለውም።

ይህን መጀመሪያ ከሰሙት መካከል ነጮቹ ብቻ አልነበሩም። በ1941 እ.ኤ.አ. ቻማንላልና ቬንካታራማን የተባሉ ሁለት ሕንዳውያን የራዲዮ ባለሙያዎች በአጭር ሞገድ ላይ የሚሰማውን እንግዳ ፉጨት መርምረው ምክንያቱ ተወርዋሪ ኮከብ መሆኑን ጻፉ። ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ አገር በርናርድ ላቭል የተባለው ሳይንቲስት ከወታደር የተረፉ ራዳሮችን ጆድሬል ባንክ ወደሚባል የገጠር ቦታ ወስዶ፣ በጥቅምት 1946 እ.ኤ.አ. አንድ ታላቅ የተወርዋሪ ጐርፍ በራዳር ተከታተለ። በተከታዩ ዓመት ደግሞ ማንም ዐይን አይቶት የማያውቅ ነገር ተገኘ፤ በቀን፣ በጠራራ ፀሐይ የሚወርድ የተወርዋሪ ጐርፍ። ከእነዚህ የቀን ጐርፎች ትልቁ አሪየቲድ የሚባለው ነው፤ በእኛ አቆጣጠር በሰኔ መባቻ ገደማ ከፍ ይላል። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ተደነቁ። የግንቦት ማብቂያ ፈተና ሲጻፍ ከራሳችን በላይ ኮከብ ይዘንባል ማለት ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ኮምፒዩተር ወይም ደኅና የእጅ ስልክና ኢንተርኔት ነው፤ መብራት ባለበት ሰዓት ማለቴ ነው። አብዛኞቹ የሚቆጥሩ ጣቢያዎች በአውሮፓ፣ በጃፓንና በአሜሪካ ይገኛሉ፤ ብዙዎቹም የግለሰቦች ናቸው፤ ጡረተኞች፣ አስተማሪዎች፣ የራዲዮ አማተሮች። የቆጠሩትን ለዓለም ሁሉ በነፃ ያወጣሉ። ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «የራዲዮ ሚቲየር ምልከታ መጽሔት» በሚባለው፣ በእንግሊዝኛ ምሕፃሩ «አር ኤም ኦ ቢ» በተሰኘው ስብስብ ውስጥ የየጣቢያውን ወርሐዊ ሰንጠረዥ ያገኛሉ። ሰንጠረዡ በአንድ በኩል ቀኖቹን፣ በሌላው 24ቱን ሰዓቶች ይዞ እያንዳንዱን ሰዓት በቀለም ይሞላዋል። ሰማያዊ ጥቂት፣ ቀይ ብዙ ማለት ነው። አንድም የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ሳያነቡ ፐርሲዶቹን በኦገስት 12 እና 13 ላይ እንደ ፍም ቀልተው ያገኟቸዋል።

በዚያው ሰንጠረዥ ላይ ሌላም ነገር ይታያል። ጐርፍ በሌለበት ተራ ቀን እንኳ ቁጥሩ በየአገሩ ሰዓት ንጋት ላይ ከፍ ይላል፣ ምሽት ላይ ይቀንሳል። ምክንያቱ ምድር በምሕዋሯ ስትሮጥ ንጋት ያለበት ገጽ ፊቷ፣ ምሽት ያለበት ገጽ ጀርባዋ ስለሆነ ነው። በዝናብ የሚሮጥ ሰው ከጀርባው ይልቅ ደረቱ እንደሚረጥብ ማለት ነው። በእኛ አቆጣጠር ብዙው በንጋቱ 12 ሰዓት፣ ጥቂቱ በምሽቱ 12 ሰዓት ይሆናል። ይህን ለተማሪ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከመንገር በቀለሙ ላይ ራሱ እንዲያገኘው መተው ይሻላል፤ ሦስት ሳምንት የወሰደብኝን የምሕዋር ትምህርት በአንድ ክፍለ ጊዜ ጨርሻለሁ።

ስለ ሰዓት አንድ ምክር። መረጃው ሁሉ የተጻፈው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። እኛ ከእርሱ በሦስት ሰዓት እንቀድማለን፤ የኢትዮጵያ የሰዓት አቆጣጠር ደግሞ በስድስት ይለያል። ተማሪዎች በዚህ ግራ ሲጋቡ አንዱ ልጅ አቋራጭ አገኘ፦ ከዓለም አቀፉ ሰዓት ላይ ሦስት መቀነስ ብቻ ነው። ከዐሥራ ሁለት ቢበልጥ ዐሥራ ሁለት ይጣላል። ሰንጠረዡ 6 ቢል ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ 20 ቢል ከሌሊቱ 5 ሰዓት።

ሁለተኛው መሣሪያ ከመጀመሪያው ይልቅ ሥራ ይጠይቃል፤ ለዚያም ነው የምወደው። የቤልጂግ የጠፈር ምርምር ተቋም ዱርብ በሚባል መንደር 49.97 ሜጋኸርዝ ላይ አንድ ማሰራጫ አቁሟል፤ ኃይሉ ከ150 ዋት አይበልጥም፣ የድሮ ደማቅ አምፑል ያህል ነው። ዙሪያውን ከ30 የሚበልጡ መቀበያዎች ያደምጡታል። የሰሙት በየአምስት ደቂቃው ወደ ሥዕል ይለወጣል። በሥዕሉ ላይ ተወርዋሪ ኮከብ አጭር የቆመ መሥመር ሆኖ ይታያል፤ አውሮፕላን ረጅምና የተጠማዘዘ መሥመር ይጥላል፤ መብረቅ ደግሞ ሥዕሉን ከላይ እስከ ታች ይሰነጥቀዋል። ኮምፒዩተር ቀላሎቹን ይለያል፤ የተወሳሰበው ግን ያታልለዋል። ስለዚህ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ራዲዮ ሚቲየር ዙ» በተባለ የኢንተርኔት ሥራ ማንም ሰው ከየትም አገር ሆኖ ሥዕሎቹን እያየ በተወርዋሪው ዙሪያ ሣጥን እንዲሥል ተጋበዘ። አንዱን ሥዕል ብዙ ሰው ያየዋል፤ ብዙዎች የተስማሙበት ይመዘገባል። ሥራው በዋነኛነት የሚሰጠው ትልልቆቹ ጐርፎች ሲመጡ ነው።

ከዐሥራ አንደኛ ክፍል ዐሥራ አራት ተማሪዎች ጋር ለሥልጠና የተሰጡትን ሥዕሎች ይዘን ተቀመጥን። ኮምፒዩተራችን ሦስት ነበር። ለእያንዳንዱ ቡድን ያንኑ ሥዕል ሰጥቼ ያለ ምክክር እንዲቆጥሩ አደረግሁ። አንደኛው ቡድን ዐሥራ ዘጠኝ አለ፣ ሁለተኛው ሃያ ስድስት፣ ሦስተኛው ሃያ አንድ። ጭቅጭቁ ግማሽ ሰዓት ወሰደ። «ይኼ አውሮፕላን ነው!» «አውሮፕላን እንዲህ ቶሎ ይጠፋል እንዴ?» «አንቺ የበረሃ አንበጣ ብታይ ኮከብ ነው ትያለሽ!» በመጨረሻ አንድ ጸጥተኛ ልጅ ተነሥቶ፣ ሁላችንም ልክ ልንሆን ስለማንችል የምንስማማበት ሕግ አስቀድመን እንጻፍ አለ። «የልኬት ስሕተት» የሚባል ትምህርት አለ፤ ማንም ተማሪ ወድዶት አያውቅም። ያን ዕለት ግን ተጣሉለት።

ከዚያ ያቺ የነሐሴዋ ልጅ ሁለተኛ ጥያቄ አመጣች። «ቲቸር፣ ይኼ ሁሉ የወደቀው ቤልጂግ ላይ ነው። እኛ ላይ የወደቀውን ማን ቆጠረው?»

አንባቢዬ፣ እውነቱን ለመናገር ጥያቄዋ ትክክል ነው። ምድር ጐርፉን የምትሻገረው በሙሉ አካልዋ ስለሆነ የፐርሲድ ብዛት ከቤልጂግም ቢቆጠር ስለ ጐርፉ ይናገራል። ነገር ግን ቤልጂግ በሰሜን ኬክሮስ 50 ዲግሪ ላይ ትገኛለች፤ የደቡቡ ሰማይ ሰፊ ክፍል ከአድማስ በላይ አይወጣላትም። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ላይ ናት፤ ከጥቂት የደቡብ ጥግ በቀር ሰማዩ ሁሉ በየተራ ያልፍባታል። ለዚህም ነው ሶቪየቶች ከ1968 እስከ 1970 እ.ኤ.አ. የሚቲየር ራዳር ጭነው እስከ ሞቃዲሾ ድረስ የመጡት፤ ከምድር ወገብ አጠገብ ሆነው የሁለቱንም ንፍቀ ክበብ ጐርፎች ለመከታተል። ራዳሩ ተነቅሎ ሄደ፤ ከሞቃዲሾ የተመዘገቡት ምሕዋሮች ግን በሳይንሱ መዝገብ ውስጥ አሉ። ከእኛ ዘንድ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ሆኖ የተሠራ ሥራ ነው።

ይህን ሥራ በኢትዮጵያ ለመሥራት ለሚነሣ ሰው አንድ ልዩ ችግር ይጠብቀዋል፤ ደግሞም ደስ የሚል ችግር ነው። አዲስ አበባ ከምድር የመግነጢስ ወገብ አጠገብ ናት። ከራሳችን በላይ 105 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ተወርዋሪዎቹ በሚተኑበት በዚያው ንጣፍ ውስጥ፣ በየቀኑ ፀሐይ ስትወጣ ታላቅ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል። ይህ ጅረት የራዲዮ ሞገድን ስለሚበትን ቀን ቀን ከተወርዋሪው ድምፅ ጋር ሊደባለቅ ይችላል። የቤልጂግ ሰው ይህ ችግር የለበትም፤ ይህን ድንቅም በራሱ ሰማይ ላይ አያገኝም። በአራት ኪሎ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ግቢ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ፒየር ጉዌን የመሩት የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት በተከበረበት ዘመን የተቋቋመው ለዚሁ መግነጢሳዊ ስፍራችን ሲባል ጭምር ነው። የጣቢያው የመግነጢስ መዝገብ «ኤ ኤ ኢ» በሚል ምልክት ኢንተርማግኔት በተባለው የዓለም ኅብረት ዘንድ በኢንተርኔት ይገኛል። አንድ የኦስሎ ተማሪ የአራት ኪሎን መግነጢስ ከቤቱ ሆኖ ያነብባል። እንግዲያው የመረጃው ጉዞ ከዚያ ወደዚህ ብቻ አይደለም።

በራሱ መቀበያ ሊያደምጥ የሚወድ ሰው የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። በኮምፒዩተር የዩኤስቢ ቀዳዳ የምትሰካ፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማትበልጥ የራዲዮ መቀበያ አለች፤ ዋጋዋ ከአንድ መካከለኛ የእጅ ስልክ እጅግ ያነሰ ነው። ሁለት የአሉሚኒየም ዘንግና ጥቂት ሜትር የቴሌቪዥን ገመድ አንቴና ይሆናሉ፤ በነፋስ ስልክ ፖሊ ቴክኒክ አካባቢ ይህን የሚበይድ ልጅ አይጠፋም። አስቸጋሪው ሞገዱን መምረጡ ነው። ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ባለው የኤፍ ኤም ክልል አዲስ አበባ ውስጥ ጣቢያ የሌለበት፣ ነገር ግን በናይሮቢ ወይም በካርቱም ብርቱ ጣቢያ ያለበት አንድ ባዶ ቦታ መፈለግ ያስፈልጋል። ሁለቱም ከተሞች አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ፤ ርቀቱ ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነው። ተማሪዎቼ አሁን ይህን ባዶ ቦታ ከጣሪያ ላይ ሆነው እየፈለጉ ናቸው። በየሁለት መቶ ኪሎኸርዙ ዐሥር ደቂቃ ያደምጣሉ፤ የሰሙትንም በደብተር ይጽፋሉ። እስካሁን የሞላው ገጽ አብዛኛው ዘፈንና የእግር ኳስ ወሬ ነው።

ለሚቀጥሉት ወራት ቀን ለመያዝ ለሚፈልጉ፦ ጄሚኒዶች ታኅሣሥ 4 እና 5 ገደማ ናቸው። ሰማዩ ጠርቶ ስለሚገኝ በዐይንም ይታያሉ፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ምንጫቸው ከአናት ብዙም አይርቅም፤ ከጀሞ መብራት ወጣ ብሎ ወደ ፉሪ አቅጣጫ መሄድ ይጠቅማል። የሃሌ ጅራታም ኮከብ ትቢያ የሆኑት ኤታ አኳሪዶች ደግሞ በአርበኞች ቀን በሚያዝያ 27 ማለዳ ይመጣሉ። በዚያን ቀን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ወደ ምሥራቅ መመልከት ነው። ሰማዩ ከዳመነ የአውሮፓን ሰንጠረዥ ይክፈቱና ከዓለም አቀፉ ሰዓት ሦስት ይቀንሱ።